የተነካካ ፎቶግራፍ ሐሰተኛ ምስክር ነውን?

(በተማሪዎች ማኅበር የፎቶግራፍ ክበብ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ለመናገር የተፈቀደልን ጊዜ አጭር ነውና በረዥም መግቢያ አናባክነውም። ወደዚህ መድረክ ያመጣን የሁለት ማመልከቻዎች ጉዳይ ነው። ሁለቱም ለክበባችን የቀረቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ይኸውም የዘንድሮ ተመራቂዎች በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ በአንድነት የተነሡት፣ በመስተዋት ገብቶ በማኅበሩ አዳራሽ እንዲሰቀል የተወሰነው ፎቶግራፍ ነው።

የመጀመሪያው ማመልከቻ፣ ፎቶግራፉ ከመነሣቱ ሁለት ወር አስቀድሞ በሕመም የተለየን ወንድማችን በሦስተኛው ረድፍ፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ መካከል ቆሞ እንዲታይ ይደረግልን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በሁለተኛው ረድፍ ቆሞ የሚታየው፣ ነገር ግን ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ከትምህርት ገበታው የተሰናበተው ተማሪ ይውጣልን፤ ያልተመረቀ ሰው ከተመራቂዎች ጋራ መታየት አይገባውም የሚል ነው። አንዱ ይጨመር ይላል፤ አንዱ ይቀነስ ይላል። ሁለቱንም ለመፈጸም አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ምሽት ይበቃል።

ጉዳዩ በክበባችን ስብሰባ ላይ በቀረበ ጊዜ አሳቡ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቹ ጓደኞቻችን «ፎቶግራፍ ማለት ያየነው ነገር ነው፤ ከተነካካ ውሸት ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንቀበል» አሉ። ከፊሎቹ ግን «ዛሬ ያልተነካካ ፎቶግራፍ የት ይገኛል? የእጅ ስልካችሁ እንኳ ሳትጠይቁት ያሳምራችሁ የለምን? እንግዲያውስ ሁለቱንም እንቀበልና ሰው ሁሉ ደስ ይበለው» አሉ። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት በእጅ ላይ ነው፤ አንደኛው ወገን እጁ መንካት የለበትም ይላል፣ ሁለተኛው እጁን ማን ሊከለክለው ይላል። ይህ ሥዕል ለሚያየው ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል ብሎ የጠየቀ ግን በዚያ ማታ አልነበረም። ዛሬ እዚህ የቆምነው ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የብርሃን ጽሕፈት እንደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ቃል ውስጥ ብርሃን የሚለውን ብቻ ይወስድና «ብርሃን አይዋሽም» ይላል። ጽሕፈት ከሆነ ግን ጸሓፊ አለው። የት እንደሚቆም፣ ማንን ከክፈፉ ውጭ እንደሚያስቀር፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚጫን የሚመርጥ ሰው አለ። ሥዕል በሆነ ጊዜ ይህን ሁሉ ያለ ክርክር እንቀበላለን። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲመለከቱን፣ ክፉዎቹ ግን በአንድ ዓይን ወደ ጎን ዞረው እንደሚሣሉ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። ሠዓሊው ዋሸ ያለ ሰው ግን ሰምተን አናውቅም፤ ምክንያቱም ሠዓሊውም ተመልካቹም ደንቡን አስቀድመው ያውቁታልና። ፎቶግራፍን የምናየው በሌላ ዓይን ነው። ሠዓሊ ያላየውን ሊሥል ይችላል፤ ካሜራ ግን ፊቱ ያልቆመውን ሊያነሣ አይችልም ብለን እናምናለን። ያ እምነታችን ነው ፎቶግራፍን ከሥዕል ለይቶ ምስክር ያደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ሁለቱ ማመልከቻዎች ከመምጣታቸው በፊት ይህ የተመራቂዎች ፎቶግራፍ ተነካክቶ ነበር፤ የነካካነውም እኛው ነን። በዚያ ጧት ፀሐይዋ በቤተ መጻሕፍቱ ነጭ ግድግዳ ላይ በኀይል ታበራ ስለ ነበር፣ ካሜራው ለግድግዳው አደላና ከዛፉ ጥላ ሥር የቆሙት የኋላ ረድፍ ልጆች ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ዓይንና አፍንጫቸው ሳይለይ ወጣ። እኛም አንድ ማታ ተቀምጠን የእያንዳንዱን ፊት ከጥላው እያወጣን አበራነው። በማግስቱ ልጆቹ መጥተው አዩት። ከእነርሱ መካከል ሥዕሉ ሐሰት ሆነ ያለ አንድ ስንኳ አልነበረም። አንዱማ «አሁን ገና እኔን መሰልሁ» አለ። እንግዲህ ከተነካካ ውሸት ነው የሚለው ወገን ይህን ልጅ ምን ይለዋል?

ይህ የእኛ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። የፎቶግራፍ ጥበብ ገና ልጅ ሳለ፣ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ጉስታቭ ለ ግሬ የሚባል ፈረንሳዊ በዚሁ ችግር ላይ ወድቆ ነበር። (ዘመኖቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን በዚሁ እናስታውቃለን።) በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣበት በመስተዋት ላይ የተቀባ መድኀኒት ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ስስ ነበር። ስለዚህ ባሕሩ በሚገባ እስኪወጣ ድረስ ከተጠበቀ ሰማዩ ደመና እንደሌለበት ባዶ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማዩ እንዲወጣ ቶሎ ከተዘጋ ደግሞ ባሕሩ ይጨልማል። ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 የባሕር ሥዕሎቹን በሚያነሣበት ጊዜ አንዱን ነጋቲቭ ለሰማይ፣ አንዱን ነጋቲቭ ለባሕር አድርጎ ካነሣ በኋላ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ እያጋጠመ ያትም ነበር። በባሕሩ ዳር ቆሞ የነበረ ሰው ደመናውንም ማዕበሉንም በአንድ ጊዜ አይቷል፤ ማየት ያልቻለው መድኀኒቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሆኖ የተሠራው ሥዕል አንድ ሆኖ ከተነሣው ይልቅ ለዓይን የታመነ ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ለ ግሬ በዚህ አልቆመም። አንዱን ደመና በልዩ ልዩ ባሕር ላይ ደጋግሞ አተመው። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ያው ደመና ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ሲሄድ ያየዋል። «ባሕርና ሰማይ እንዲህ ያምራሉ» ለማለት ከሆነ ጕዳት የለውም። «በዚህ ቀን በዚህ ባሕር ላይ ይህ ደመና ነበረ» ለማለት ከሆነ ግን ሐሰት ነው። እጁም፣ መቀሱም፣ ጨለማ ክፍሉም ያው ሲሆኑ፣ ልዩነቱ ሥዕሉ በሚሰጠው ቃል ላይ ነው።

ካሜራው ለግድግዳው አደላ ያልነው ለጨዋታ አይደለም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደ ገለጸችው፣ የኮዳክ ኩባንያ ፊልም አጣቢዎች ቀለሙን የሚያስተካክሉበት መመዘኛ ካርድ ለየፎቶ ቤቱ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ፊት ካማረ ፊልሙ ትክክል ነው ይባላል። ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድነት በሚነሡበት የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ላይ የነጮቹ ፊት ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ የጥቁሮቹ ግን ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀር ነበር። እናቶች ቅር ቢሰኙም የሰማቸው አልነበረም። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን ለይቶ እንዲያሳይ ከተደረገባቸው ምክንያቶች ዋነኛው፣ የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ሸቀጣችን በማስታወቂያ ላይ በደኅና አልወጣም ብለው ማማረራቸው እንደ ነበረ ይኸው ጥናት ይነግረናል። የቸኮላታ ቡናማነት ከሰው ፊት ቡናማነት ይልቅ ተሰሚነት አገኘ ማለት ነው። ይህን ባነበብንበት ማታ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉትን፣ «ሲነሣ አያምርበትም» የተባሉትን አጎቶቻችንን ፎቶግራፍ አስታወስን።

እንግዲህ ያልተነካካ የምንለው ፎቶግራፍ እንኳ፣ እኛ ካሜራውን ከመግዛታችን በፊት አንድ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ ፈርዶበታል። ያን ፍርድ ማረም ውሸት አይደለም።

ይሁንና እዚህ ላይ አሳባችንን ልጓም የሚይዝ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን በ1994 ሚስቱ የነበረችውን ሴትና አንድ ወዳጇን ገድሏል ተብሎ በተያዘ ጊዜ፣ ፖሊስ ያነሣውን አንዱን ፎቶግራፍ ታይምና ኒውስዊክ የተባሉት ሁለት መጽሔቶች በአንድ ሳምንት በሽፋናቸው ላይ አወጡት። ኒውስዊክ እንዳለ አተመው። ታይም ግን ፊቱን አጠቈረው፣ ዙሪያውንም አጨለመው። ሁለቱ መጽሔቶች በየመሸጫው ጎን ለጎን ስለ ተሰቀሉ ልዩነቱን ሕፃን እንኳ ያየው ነበር። ብዙ ሰዎች ጥቁረትን የወንጀል ምልክት ማድረግ ነው ብለው ተቈጡ፤ የመጽሔቱ አዘጋጅም ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። እኛ የኋላ ረድፉን ልጆች ፊት ያበራንበት መሣሪያና ይህ ፊት የጠቈረበት መሣሪያ አንድ ነው፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ማዞር ብቻ ነው። ልጆቹን ያበራናቸው እናቶቻቸው ሲያዩዋቸው እንዲያውቋቸው ነው። ያኛው የተጨለመው ግን ሰው ገና ከመፈረዱ በፊት አንባቢው እንዲፈራው ያደርግ ነበር።

አሁን ደግሞ ምንም ስላልተነካካ ፎቶግራፍ እንናገር። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በጌቲስበርግ ከተደረገው ውጊያ በኋላ፣ አሌክሳንደር ጋርድነር የተባለ ፎቶ አንሺ በድንጋይ ካብ አጠገብ የወደቀ አንድ ወጣት ወታደር አነሣ። ጠመንጃው በካቡ ላይ ተደግፏል፤ ወታደሩም እንደ ተኛ ሰው ፊቱን አዘንብሏል። ጋርድነር ይህን ፎቶግራፍ በ1866 በመጽሐፍ አሳተመና ሟቹ ከዚህ ምሽግ ሆኖ ይተኵስ የነበረ አነጣጣሪ ነው የሚል ታሪክ ጻፈበት። ለረዥም ዘመንም እንዲሁ ታመነ። በ1975 ግን ዊልያም ፍራሳኒቶ የተባለ የታሪክ መርማሪ በዚያን ቀን የተነሡትን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ሲያመሳክር፣ ያው ሬሳ በሌላ ስፍራ ተኝቶ አገኘው። ፎቶ አንሺዎቹ ሬሳውን ተሸክመው ወደ ካቡ አምጥተው፣ ጠመንጃውንም አስደግፈው ነው ያነሡት። ነጋቲቩን ብትመረምሩ አንድ ጭረት አታገኙም። ብርሃኑ በፊቱ ያለውን በታማኝነት ጽፏል። ይህ ፎቶግራፍ ነጋቲቩ ሳይነካ ሐሰት መስክሯል፤ የተነካካው ሬሳው ነውና።

ለፎቶግራፍ ውድድር ደንብ የሚያወጡ ሰዎችም በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሲቸገሩ ኖረዋል። ዎርልድ ፕረስ ፎቶ የተባለው ድርጅት በ2010 ስቴፓን ሩዲክ ከተባለ ፎቶ አንሺ የሰጠውን ሽልማት መልሶ ወሰደበት። ጥፋቱ፣ በዋናው ፎቶግራፍ ላይ ይታይ የነበረ የሰው እግር ክፍል ማጥፋቱ ነው። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው ከፎቶግራፉ አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ፣ ቀለም የነበረውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ነበር፤ ለዚያ የከሰሰው የለም። ትንሿ እግር ጣለችው። በ2015 ደግሞ ያው ድርጅት ሻርለርዋ ስለምትባለው የቤልጅግ ከተማ የተነሡ ፎቶግራፎችን ሸልሞ፣ ከመካከላቸው አንዱ በሻርለርዋ ሳይሆን በብሩክሰል የተነሣ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ሽልማቱን አነሣ። በዚህኛው ላይ ሽልማቱ የተነሣው ሥዕሉ ስለ ተነካካ ሳይሆን ከሥሩ የተጻፈው የቦታ ስም ሐሰት ስለ ሆነ ነው። በእኛ ግምት ከሁለቱ ፍርዶች ሁለተኛው የበለጠ አስተዋይነት አለው። የመጀመሪያውንም ቢሆን አንነቅፈውም፤ ዛሬ እግር ያጠፋ ነገ ሰው አያጠፋም ማለት አይቻልምና፣ ዳኛ መስመሩን አንድ ቦታ ማስመር አለበት።

ሰው ማጥፋት ያልነውም ምሳሌ አይደለም። ኒኮላይ የዦቭ በስታሊን ዘመን የሶቪዬት ሩስያ የምስጢር ፖሊስ አለቃ ሆኖ ብዙ ሕዝብ ያስፈጀ ሰው ነበር። ከስታሊን ጋራ በአንድ የውሃ ቦይ ዳር ሲሄድ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። በ1940 እርሱ ራሱ ተገደለ። ከዚያ በኋላ በታተመው ፎቶግራፍ ላይ ስታሊን በዳር በኩል ይሄዳል፤ የዦቭ ቆሞበት በነበረው ስፍራ ውሃው ይታያል። ውሃው በጣም ያምራል፤ ሠሪው እጁ የተባረከ ባለሙያ መሆን አለበት። የዦቭ ልብ የሚያሳዝን ሰው አይደለም፤ እኛንም አላሳዘነን። ያስደነገጠን ግን አሠራሩ ነው፤ ሰውየው ተገደለ ብሎ ከመናገር ይልቅ ከቶ አልነበረም ብሎ ማስመስከር ተመረጠ። የተገደለ ሰው ለምን ተገደለ ተብሎ ይጠየቅበታል፤ ያልነበረ ሰው ግን ማንም አይጠይቅበትም። ዋናው ፎቶግራፍ በሌላ ሰው እጅ ባይተርፍ ኖሮ ዛሬ እኛም ውሃውን አይተን ባለፍን ነበር።

ስለ እጅ ስልኮቻችን ብዙ አንልም፤ አንድ ነገር ብቻ። በ2023 አንድ ሰው የጨረቃን ሥዕል ሆነ ብሎ አደብዝዞ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ካሳየ በኋላ፣ ያን ብዥታ በሳምሰንግ ስልክ ከሩቅ አነሣው። ስልኩም በብዥታው ላይ ያልነበሩትን ጉድጓዶችና ጠባሳዎች ጨምሮ ጥርት ያለች ጨረቃ ሰጠው። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ስለምታሳየን ስልኩ ግምቱ አልሳተም። ነገር ግን ያየውን አልነገረንም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረን። በጨረቃ ላይ እንለፈው። በሰው ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ምስክርን ዳኛ ፊት አቁሞ ያየኸውን ሲሉት የሰማውን ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ምስክር ዳኛ እንደማይቀበለው ሕግ የሚማሩት ጓደኞቻችን ያውቁታል።

አሁን ስለ ራሳችን ቤት ትንሽ ብንናገር ይቅርታ አድርጉልን።

አባታችን ያረፈው ታናሿ እኅታችን በተወለደች በአራተኛው ወር ነው። እናታችን ከዚያ በኋላ በዓመት በዓል ቀን ልጆቿን ሰብስባ ፎቶ ቤት ወሰደችንና ተነሣን። ለፎቶ ቤቱ ሰው የአባታችንን መታወቂያ ሰጠችው፤ በእርሱ ላይ ካለው ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ሌላ ምስል አልነበረውምና። ሰውየውም ራሱን ከመታወቂያው ወስዶ፣ አካሉን ከሌላ ከማናውቀው ሰው አምጥቶ፣ አባታችንን ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ አልብሶ ከኋላችን አቆመው። አባታችን በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም። አንደኛው እጁ በታናሿ እኅታችን ትከሻ ላይ አርፏል።

እናታችን ያን ፎቶግራፍ በሳሎን ሰቀለችው። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ነገሩን ያውቅ ስለ ነበር የተታለለ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቻችን «ምነው ደግ አደረግሽ፣ ሰበሰብሻቸው» ይሏት ነበር። ለእነርሱ ፎቶግራፉ የሚለው «እንዲህ መሆን ነበረብን» ነው፤ ይህም እውነት ነበር። ዓመታት አለፉና ግን ታናሿ እኅታችን ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ቀን መምህርቷ ስለ ቤተ ሰባችሁ ጻፉ ብላቸው፣ «አባቴን አስታውሰዋለሁ፤ ፎቶግራፍ ስንነሣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር፤ እጁ ከባድ ነው» ብላ ጻፈች። ደብተሯን ይዛ መጥታ ስታነብልን እናታችን ወጥ የምታማስልበትን ማማሰያ እንደ ያዘች ቀረች። ማንም ምንም አልተናገረም። ያ እጅ የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም።

እናታችንን ሐሰተኛ የሚላት ሰው ቢኖር ከእኛ ጋራ ይጣላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ተረድተናል፤ ፎቶግራፉ በፍቅር ሲሠራ እውነቱን የያዙት በዙሪያው የነበሩት ሰዎች እንጂ ወረቀቱ አልነበረም። ሕፃኗ ወረቀቱን ብቻ አገኘች፤ ወረቀቱም ብቻውን ሲቀር ያልሆነውን መሰከረ። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አላወረድነውም። እናታችን ራሷ ከመስተዋቱ አውጥታ በጀርባው ላይ እንዴት እንደ ተሠራ አስጻፈችን፤ መታወቂያውንም ከኋላው አብራ አስገባችው። እኅታችን ጥቂት ጊዜ ተኰራርፋን ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን የምትነግረው እርሷ ናት።

ወደ ሁለቱ ማመልከቻዎች እንመለስ።

ስለ ሟቹ ወንድማችን የጠየቁትን ጓደኞቹን ልብ እናውቃለን፤ የእናታችን ልብ ነው። ነገር ግን ይህ ፎቶግራፍ የሚሰቀለው በአንድ ቤት ሳሎን አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚህ አዳራሽ ከሚገቡት ተማሪዎች አንዱም እርሱን አያውቀውም፤ በሦስተኛው ረድፍ ቆሞ ቢያዩት በዚያ ቀን ቆሞ ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ የጠፋው ፀሐይዋ ላይ መቆሙ ብቻ አይደለም፤ መሞቱም ይጠፋል። ጓደኞቹ ያዘኑበት፣ መቃብሩ ድረስ የሄዱበት ነገር ሁሉ ከሥዕሉ ላይ ይፋቃል። ስለዚህ በረድፉ ውስጥ አይግባ፤ በረድፉ በላይ፣ በሰማዩ በኩል፣ የራሱ ፎቶግራፍ በክብ ክፈፍ ይግባለት። ከሩቅ የቆመ ሰው እንኳ ሌላ ቀን የተነሣ ሌላ ፎቶግራፍ መሆኑን ያየዋል። ሥዕሉ ተነካክቷል፤ ግን መነካካቱን ራሱ ይናገራል። ከሥሩም ስሙና ያረፈበት ቀን ይጻፍ።

ስለ ተሰናበተው ተማሪ ግን በክበባችን እጅ ይህ ሥራ እንዳይሠራ እንለምናለን። የተሰናበተበትን ምክንያት እዚህ አናነሣም፤ ከእኛ መካከል ተገቢ ነው የሚሉም፣ አይደለም የሚሉም አሉ። በዚያ ጧት ግን ቆሞ ነበር። ከአጠገቡ የቆመው ልጅ እጁ በእርሱ ትከሻ ላይ ነው፤ እርሱን ስናወጣው ያን እጅ ምን እናድርገው? በአየር ላይ ይንጠልጠል ወይስ እርሱም ይቈረጥ? ይህን የምንለው የሥራው ክብደት አስፈርቶን አይደለም። አንድ ምሽት ይበቃል ብለናል፤ የሚያስፈራንም ቀላልነቱ ነው።

የአመልካቾቹ ቅሬታ ግን ከንቱ አይደለም። «ያልተመረቀ ሰው ተመራቂ ተብሎ ይታያል» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሐሰቱ ያለው ግን በፎቶግራፉ ውስጥ ሳይሆን እኛ ከሥሩ ልንጽፈው ባሰብነው «የዘንድሮ ተመራቂዎች» በሚለው ጽሕፈት ውስጥ ነው። ጽሕፈቱ ይለወጥ። በዚህ ዕለት በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የቆሙ የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ተብሎ፣ ዕለቱም ተጠቅሶ ይጻፍ። የተመረቁት እነማን እንደ ሆኑ መዝገብ ቤቱ ያውቃል።

የኋላ ረድፍ ልጆችን ፊት ማብራታችንም በአንዲት መስመር ከጽሕፈቱ ጋራ ይግባ፤ ባንጽፈው የሚያውቅብን ባይኖርም። ካሜራው የሰጠን ዋናው ፎቶግራፍ ምንም ሳይነካ በሁለት ቅጂ ተደርጎ፣ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ።

ያልተነካካውን ፎቶግራፍ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተነዋል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሁላችሁም ሄዳችሁ እንድታዩት እንለምናለን፤ የሁለተኛውን ረድፍ ለማየት መብራቱን ወደ ግራ ማዘንበል ያስፈልጋል።